ጎማዬን የሞላው ጓሳ

በሞተር ብስክሌት ብቻውን መንዝን ማየት ለሚፈልግ ሰው ከወሮች ሁሉ ጥቅምትን እመርጥለታለሁ። ክረምቱ ወጥቷል፤ ጎማ የሚይዘው ጥቁር አፈር ደርቋል፤ ገብሱ ገና አልታጨደም። ብርዱ እንግዲህ ብርድ ነው። «በጥቅምት አንድ አጥንት» ያለው ሰው ደገኛ መሆን አለበት። ለዚያ ነፋስ ከጋዜጣ የተሻለ መከላከያ አላውቅም፤ ታጥፎ ከጃኬቱ ሥር ደረት ላይ ይደረጋል።

ብቻዬን የምሄደው ሰው ጠልቼ አይደለም። በቡድን ሲኬድ ዓይን ከፊተኛው ሞተር ላይ አይነቀልም፤ መቆምም የሚቻለው ሁሉም ሲስማማ ነው። እኔ ደግሞ መቆም እወዳለሁ። ጅብራ ባየሁበት፣ ጭላዳ ሣር ሲነጭ ባገኘሁበት ሁሉ እቆማለሁ።

መንዝን ለማየት የወጣሁ ጊዜ አገር ሰላም ነበር። ከአዲስ አበባ ተነሥቼ በደብረ ብርሃን በኩል ጣርማ በር ደረስኩ፤ ጣሊያን በወረራው ዘመን በበሳው ዋሻ አልፎ ወደ ደብረ ሲና የሚወርደውን አስፋልት ትቼ ወደ መዘዞ ታጠፍኩ። ከዚያ ወዲያ በተቻለኝ መጠን የበቅሎ መንገድ እየመረጥኩ አፋፍ አፋፉን ሄድኩ። በስተ ምሥራቅ ምድሩ በድንገት ያልቅና ቆላው ከታች በጉም ተሸፍኖ ይተኛል። ሞተሬ 150 ሲሲ ናት፣ ካርቡሬተር ያላት። ከ3,200 ሜትር በላይ ሲወጣ አየሩ ይሳሳል፤ ቤንዚኑ ግን እንደ ድሮው ይፈስሳል፤ ስለዚህ ያልነደደው ካንዴላው ላይ ጥላሸት ይሆናል። በየጊዜው እየቆምኩ ካንዴላ መፍታትና መጥረግ ነበረብኝ። ቀላል ሞተር የምመርጠውም ለዚህ ነው፤ የሚፈታውን ሁሉ ሜዳ ላይ በእጅ መፍታት ይቻላል።

ችግሩ የመጣው ከኋላ ጎማ ነው። መዘዞ አጠገብ ስለታም ድንጋይ ካላማደሪያውን ሰነጠቀውና የያዝኩትን ትርፍ ቀየርኩ። ከሰዓት በኋላ ጓሳ ሜዳ ውስጥ እንዳለሁ ሁለተኛው ተነፈሰ። ፈትቼ ሳየው አየር የሚሞላበት አፍንጫው ከሥሩ ተቆርጧል። እንዲህ ያለውን ማስቲሽ አይዘውም። ስልኩ ኔትወርክ የለውም፤ ጉሙም ከቆላው እየወጣ ነበር።

የድሮ ሾፌሮች እንዲህ ሲሆን ጎማውን ሣር ይሞሉት እንደነበር ሰምቻለሁ። ሣር ደግሞ ዙሪያዬን ሞልቷል፤ ያውም ጓሳ፣ ቤት የሚከደንበት፣ ገመድና ገሳ የሚሠራበት ጠንካራ ሣር። ወደ መጀመሪያው እግር ጎንበስ እንዳልኩ ከኋላዬ የልጅ ድምፅ መጣ።

«ጋሼ፣ ተው! ተዘግቷል!»

ከተዘጋው ሜዳ ወሰን ወዲያ በግ የሚጠብቅ ልጅ ነው፤ ጅራፉን በትከሻው አድርጓል። ችግሬን አስረዳሁት፤ ጎማውን አየ፣ አዘነልኝ፤ ስለ ሣሩ ግን ቃሉን አልለወጠም። በጎቹን ለእኔ አደራ ብሎ አያቱን ሊጠራ ሮጠ። ከመንደራቸው እስኪመለስ ድረስ የማላውቀው ሰው በጎች ጠባቂ ሆንኩ።

አያትየው በርኖስ ለብሰው መጡ። «ልጄ፣ እንኳን ደኅና መጣህ። ከዚህ አንዲት ዘለላ አይነሣም፤ ብርዱ ሳይጠናብህ ግን ና ወደ ቤት» አሉኝ። ሞተሯን እየገፋን ሄድን። ከቤታቸው ጀርባ ክዳን ሲታደስ የወረደ አሮጌ ጓሳ ተከምሯል፤ ጢስ ጠጥቶ ጠቁሯል፣ ግን አልተሰባበረም። ሚስታቸው በሶና ጠላ አቀረቡልን፤ እኛ እየጎነጎንን፣ እየጠቀጠቅን አመሸን። ሣሩ እንዲሁ ቢገባ አንድ ወገን ይሰበሰባል፤ እንደ ወፍራም ገመድ ተገምዶ፣ በመዶሻ እጀታ እየተገፋ ነው ጎማውን እኩል የሚሞላው። ይህን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፤ ጎማ ሞልተው ባያውቁም ገመድ ሲገምዱ ነው የኖሩት።

ያን ማታ በባና ተጠቅልዬ ስለ ሣሩ ሰማሁ። አስቦና ጌራ ከተባሉ አባቶች የተወለዱ ሰዎች ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ጓሳን በጋራ ሲጠብቁ ኖረዋል፤ ለዓመታት ይዘጋል፣ በበጋ ተወስኖ ይከፈታል፣ ሕግ የጣሰ ይቀጣል። የ1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ የዘር ርስቱን ሲያስቀር ጥበቃውም ላልቶ ነበር፤ በኋላ ሕዝቡ በቀበሌ ኮሚቴ መልሶ አቆመው። 100 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነው ያ ሜዳ ዛሬም ቀይ ቀበሮ የሚታይበት፣ ወደ ዓባይና ወደ አዋሽ የሚወርዱ ምንጮች የሚነሡበት በዚህ ምክንያት ነው። እውነቱን ልናገርና፣ ስለ ተፈጥሮ ጥበቃ ከሰማሁት ንግግር ሁሉ የበለጠ ያሳመነኝ የዚያ ልጅ «ተው!» ነው። ማንም ደመወዝ አይከፍለውም፤ የሚያስፈራ መሣሪያም አልያዘም። እኔ አዋቂ ነበርኩ፤ ሣሩ የእሱ መሆኑን ግን እሱ ያውቃል።

ሲነጋ በእግረኛ ፍጥነት ተነሣሁ። በሣር የተሞላ ጎማ ይንገጫገጫል፤ ይግላልም። የተቃጠለ ሣር በሸተተኝ ቁጥር እቆምና እጄን አስነካዋለሁ፣ ሲቀዘቅዝ እቀጥላለሁ። መሐል ሜዳ ከተማ ደርሼ ጎሚስታው ጎማውን ሲከፍተው ጓሳው እንደተገመደ ወጣ። ሽማግሌው ስሰናበታቸው «አትጣለው፤ ጭቃ ለሚያቦካ ስጠው» ብለውኝ ስለነበር፣ ግድግዳ ለሚመርግ ሰው ሰጠሁት።

ሞተር ይዛችሁ ወደዚያ የምትወጡ ወንድሞችና እኅቶች፣ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ፦ ሣሩ ላይ አትንዱ። የጎማ ፈር በክረምት ቦይ ይሆንና አፈሩን ጠርጎ ይወስደዋል። ካላማደሪያ ሁለት ያዙ፤ እረኛ «ተው» ሲላችሁም ተዉ።