ለወለቃው ዓሣ አጥማጅ

ጎንደር አጠገብ ወለቃ ተቀምጠው ዓሣ ማጥመድ ካማረዎት፣ ነገሩን ለባለቤትዎ ከማንሣትዎ በፊት ዕቃውን ያሟሉ። ጎንደር ቅዳሜ ገበያ ወርደው “የዓሣ መንጠቆ አለ?” ይበሉ። ባለሱቁ ጥቂት አሰብ አድርጎ መርፌ ቁልፍ አውጥቶ “ይኼስ አይሆንዎትም?” ቢል አይቀየሙት፤ ሊረዳዎት ነው። ዘንግ ካሉትማ ወደ መጥረጊያ ተራ ይመራዎታል።

መንጠቆ የሚቀጠቅጥ በሰፈር አይጠፋም ነበር። ቤተ እስራኤሎች በነበሩበት ዘመን የወለቃ ወንዶች ብረት ሠሪ፣ ሴቶቹ ሸክላ ሠሪ ነበሩ። አብዛኞቹ እስከ 1983 ዓ.ም. ድረስ ወደ እስራኤል ሄዱ፤ ሸክላ ሥራው ግን እዚያው ቀረ። ስለዚህ የክርዎን ክብደት ዛሬ ሸክላ ከሚሠሩት ይግዙ። ቱሪስቱ ከሳሳ ወዲህ ለእሱ የምትሠራው የሸክላ አንበሳ መደርደሪያ ላይ አቧራ እየጠጣች ነው። አንገቷን በሲባጎ አስረው ቢጥሏት በደንብ ትሰጥማለች። ዓሣው አንበሳ አይቶ ቢሸሽ ግን እኔን አይጠይቁ።

መረብ ከጠየቁ ነገሩ ሌላ ነው። ቀጭኑ የሞኖፊላመንት መረብ ከሱዳን በመተማ በኩል ገብቶ ጣና ከደረሰ ቆይቷል። ርካሽ ነው፤ ሲቀደድም እዚያው ውኃ ውስጥ ይጣልና ባለቤቱ ተኝቶ እሱ ማጥመዱን አይተውም። ለአንድ ዓሣ የሚሆን መንጠቆ ያጣ አገር ለሺህ ዓሣ የሚሆን መረብ አላጣም። ዓሣ የሚያሰክረውን ብርብራ ፈጭቶ ወንዝ ላይ መበተን ደግሞ ሱቅም አያስኬድ፣ ከዛፉ ለቅሞ ነው። ግን በዓሣ ሀብት አዋጁ፣ በቁጥር 315/1995፣ መርዝ ክልክል ነው፤ እርስዎም ጨዋ ሰው ነዎት።

ቦታን በተመለከተ፣ አንገረብ ግድብ ይቀርባል ብለው እንዳይታለሉ፤ የከተማው መጠጥ ውኃ ነው። ጣና ዳር፣ ጎርጎራ ይውረዱ። ክረምት ላይ ነጭ ዓሣው ሊራባ ወደ መገጭ ሲወጣ በወንዙ አፍ ላይ መረብ ዘርግቶ የሚጠብቀውን ሰው ካዩ ሰላም ብለው ይለፉት። የዓሣውን ጉዳይ አያንሡበት፤ ከ1983 እስከ 1993 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ብቻ ትልልቁ ነጭ ዓሣ በሦስት አራተኛ ገደማ እንደቀነሰ ተመራማሪዎች መዝግበዋል፤ ወሬው ደስ አይለውም።

ጎረቤትዎንም ይምረጡ። ድሮ ውኃው ላይ የሚታየው ወይጦው በታንኳው ነበር። ከ1978 ዓ.ም. ወዲህ የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ መጣ። በጥቅምት 2013 ደግሞ ዳርቻውን የሞላው እምቦጭ የተባለውን አረም ሊነቅል የዘመተው ሕዝብ ነበር፤ ያን ጊዜ ክር የጣለ ሰው ቢኖር ያወጣው እምቦጭ ነው፤ ለዘመቻው አስተዋጽኦ ተብሎ ይያዝለታል። አሁን በገበታ ለሀገር ፕሮጀክት ጎርጎራ ላይ የተሠራው ሪዞርት እንግዳ ያመጣል። ከእንግዳው አጠገብ ከተቀመጡ መርፌ ቁልፍዎን ይደብቁት፤ ፎቶ ያነሣዎታል።

በትል ከጣሉ ብዙ ጊዜ የሚነክሰው አምባዛ ነው። ቅርፊት የለውም ብሎ የማይበላው ሰው ብዙ ስለሆነ፣ ከጎርጎራ ስልሳ ምናምን ኪሎ ሜትር ተሸክመውት መጥተው ባለቤትዎ ድስቷን ልትከለክልዎት ትችላለች። ቢቻል ቀረሶ ይያዙ።