ቤቴን ሸጬ ሰርቪሱ ገባሁ

ኮልፌ ያለውን ቤቴን መሥራት የጀመርኩት በ1974 ዓ.ም. ነው። ጭቃው ብቻ ከጭድ ጋር ተቦክቶ፣ ውሃ እየጠጣ፣ እየተረገጠ ሦስት ሳምንት ተኝቷል። ምርጊቱ እስኪደርቅ በጋ ጠበቅን። ኮርኒስ የለበሰው በ1981 ነው። በዚያ ሁሉ ጊዜ «ምነው ዘገየህ» ያለኝ ሰው የለም፤ ቤት እንዲያ ነበር የሚሠራው። ባለፈው ታኅሣሥ ግን ያንኑ ቤት ሸጬ፣ ሌላ ገዝቼ፣ ዕቃዬን ጭኜ፣ ቁልፍ እንዳስረክብ የተሰጠኝ ጊዜ 45 ቀን ሆነ። እኔ በ45 ቀን መነጽር እንኳ አስቀይሬ አላውቅም።

ለምን ሸጥክ ትሉኝ ይሆናል። ልጆቹ ወጡ፣ ግቢው ሰፋን፣ የባለቤቴ ጉልበት ደረጃውን እምቢ አለ። ትልቁን ሸጦ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ትንሽ ገዝቶ፣ በተረፈው ጡረታን መደጎም ነበር ሐሳቡ። ሐሳቡ ጥሩ ነበር። የተበላሸው ደላላ የሰማው ዕለት ነው።

ደላላው ልጅ እግር ነው፤ ሁለት ስልክ ይይዛል፣ ሁለቱም አያርፉም። «ፋዘር፣ ገዢው ብሩ ዝግጁ ነው። ብቻ ሠርጉ ከጾም በፊት ስለሆነ ቸኩሏል» አለኝ። «ልጄ፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ብለው፣ «ፋዘር፣ እሱ ድሮ ቀረ፤ እንቁላል አሁን በማሽን ነው የሚፈለፈለው» ብሎኝ እርፍ! ዶሮዋ ብትታቀፈውም 21 ቀን፣ ማሽኑም 21 ቀን መሆኑን ነግሬው ነበር። ስልኩ ጠርቶ አልሰማኝም።

ታኅሣሥ 14 ቀን ተፈራረምን፤ 500 ሺህ ብር ቀብድ ተቀበልኩ። ማታ ሕግ የተማረው የጎረቤቴ ልጅ መጣና የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ቁጥር 1885ን አነበበልኝ። ውሉ ሌላ ካላለ በቀር፣ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢተው ቀብዱ ይቀርበታል፤ ቀብድ የተቀበለ ቢተው እጥፉን ይመልሳል። የእኔ ውል ደግሞ ቀኑን ማሳለፍም እንደ መተው ይቆጠራል ይላል። እንዲህ ያለውን ነገር ከመፈረም በፊት የሚያነብ ልጅ ምነው አልሰጠኝ! ያን ሌሊት ግማሽ ሚሊዮን ተቀብዬ ተኝቼ፣ አንድ ሚሊዮን ባለዕዳ ሆኜ ነቃሁ።

በማግሥቱ ቀን መቁጠሪያ ይዤ ቁጭ አልኩ። የመጨረሻው ቀን ጥር 29 ነው። ከ45ቱ ላይ ቅዳሜና እሁድ 12 ወሰደ፤ ገናና ጥምቀት 2፤ ቀረ 31። የከተራ ዕለት ከሰዓት በኋላ ጉዳዩን የጨረሰ ባለጉዳይ ካለ ያስተዋውቁኝ። ጥር 12 ሚካኤል የሚገባበት ነው፤ ታቦት እየሸኘሁ ፎቶ ኮፒ አላነሣም። ጥር 21 ባለቤቴ ዝክር አላት። ደግሞ ወሩ ጥር ነው፤ አራት ሠርግ ተጠርቻለሁ፣ ባንዱ ሽማግሌ ነኝ። ያ ሁሉ ተቀንሶ የቀረውን ለራሴ አልነገርኩም፤ ደም ግፊት አለብኝ።

ከሁሉም ያደከመኝ ማግባቴን ማስረዳት ነው። አንድ ቢሮ ገብቼ፣ የጋብቻ ማስረጃ አምጣ ተባልኩ። ሕጉን አልነቅፍም፤ በ1992 የወጣው የቤተሰብ ሕግ የባልና ሚስት የጋራ ቤት ያለ ሁለቱ ስምምነት አይሸጥም ይላል፣ ደግም ይላል። እኛ ግን የተጋባነው በቁርባን ነው፤ ያቆረቡን ቄስ ካረፉ ቆይተዋል፣ ወረቀቱን ደግሞ ምስጥ በልቶታል። «ሚስቴ እነሆ፣ አጠገቤ ቆማለች» አልኩት ልጁን። ቀና ብሎ አያት። «እሳቸው ማስረጃ አይደሉም አባቴ» አለኝ። ከ40 ዓመት በላይ ስትቆጣኝ የኖረች ሴት ማስረጃ ካልሆነች ምን ማስረጃ ይሆናል?

ምስክር አቁሙ ተባለ። ሦስት ወዳጆቼን ሰበሰብኩ። አንዱ ሠርጋችንን በላሁ ይላል፣ ግን ወሩን ከሌላው ጋር ሊስማማበት አልቻለም። ሦስተኛው፣ እሱ ድሮም ነገረኛ ነው፣ «ተጋብተዋል ብዬ እመሰክራለሁ፤ ተስማምተዋል ብዬ ግን አልምልም» ብሎ ቢሮውን አሳቀው። በዘጠነኛው ቀን ባለትዳር ተባልኩ። ማኅተም አለው።

እስከዚያው ቤት ፍለጋው አልቆመም። በመጀመሪያ ሱሉልታ ሄድን። ከአዲሱ ገበያ አቀበቱን ወጥተን፣ እንጦጦን ተሻግረን ወደዚያ ሜዳ ስንወርድ ብርዱ ተቀበለን። ከብቱ ያማረ፣ የሣር ክምሩ የደለበ፣ ወተቱ የታወቀ አገር ነው፤ እውነቱን ልናገር። በመንገዱ ዳር ሯጮች ያልፋሉ። «አየሩ ንጹሕ ስለሆነ ነው እዚህ የሚለማመዱት» አለ ደላላው። እኔ ብርዱን ሸሽተው መስሎኝ ነበር። ባለቤቴ ከመኪናው ሳትወርድ ጉልበቷን በነጠላ ጠቅልላ፣ «እኔን እዚህ ስታመጣኝ በጋቢ ሳይሆን በከፈን ነው» አለች። ሱሉልታ አበቃ።

ቡራዩ ቀጠለ። በአስኮ በኩል ስለሆነ ለኮልፌ ሰው ጓሮ ነው፤ ልቤም ወደዚያ ነበር። ቤቱም ያምራል፤ ሴራሚኩ ሰው ያሳያል። ገፈርሳ ቅርብ ነው፤ ያ ግድብ ከንጉሡ ዘመን ጀምሮ አዲስ አበባን ሲያጠጣ የኖረ ነው። ቧንቧውን ብከፍት ግን አየር ብቻ ነፋ። ባለቤትየው ሮቶውን በጣቱ አንኳኳና «ማታ ማታ ይመጣል» አለ። ይሁን፣ ውሃ እጠብቃለሁ፤ ለመጠበቅ ነው የተፈጠርኩት። ካርታውን ስጠይቅ ግን «በሂደት ላይ ነው» አለኝ። ከመቼ ጀምሮ? «አራት ዓመት»። እኔ 45 ቀን፣ የእሱ ካርታ አራት ዓመት! ይህን ሰው የሚያስቸኩለው ሙሽራ አለማግኘቱ እንዴት ያለ ዕድል ነው?

ማታ ለልጅ ልጄ ሦስት ከተማ ልዞር ሁለቱን ጨረስኩ ብዬ ብፎክር፣ «አባባ፣ ያየኸው እኮ አንድ ከተማ ነው» አለችኝ። እውነቷን ነው። ከ2015 ጀምሮ ሰበታም፣ ቡራዩም፣ ሱሉልታም ሸገር ከተማ ሆነዋል። እግሬ ግን ይህን አልሰማም።

በመጨረሻ ሰበታ። በአየር ጤና፣ በዓለም ገና አድርጎ የጅማን መንገድ መያዝ ነው። ሜታ አቦ ቢራ ሲጠመቅበት የኖረ፣ አዲሱ የጅቡቲ ባቡር ሐዲዱ የሚነሣበት አገር። ቤቱ 160 ካሬ ላይ ነው፤ ደረጃ የለውም፣ ካርታ አለው፣ ውሃ አለው፣ አንድ የኮክ ዛፍ አለው። ባለቤቴ ዛፉን አይታ ዝም አለች፤ ዝም ካለች ወዳለች። ሻጩ አሜሪካ ነው፤ ውክልና የያዘው ወንድሙ። ቀብድ ሰጠሁ። ያ የጎረቤቴ ልጅ ውክልናውን አነበበና ፊቱ ጠቆረ፦ «ጋሼ፣ ይሄ እንዲያስተዳድር እንጂ እንዲሸጥ አይልም»። ቁጥር 2205 ነው ይላል፤ የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። ኪራይ የሚቀበል ወንድም ቤት መሸጥ አይችልም።

እንግዲህ ባለቤቱ ዋሽንግተን ኤምባሲ ሄዶ አዲስ ውክልና ይስጥ፤ ወረቀቱ ይምጣ፣ ውጭ ጉዳይ ይረጋገጥ። እኛ ስንነቃ እሱ ይተኛል፤ እሱ ሲነቃ እኛ ራት ላይ ነን። ጥር 20 ደረሰ። እዚህ ብዘገይ አንድ ሚሊዮን ብር እከፍላለሁ፤ እዚያ እሱ ቢዘገይ «ፈረንጅ አገር ቀጠሮ አስቸጋሪ ነው» ይለኛል። ቀን የሚቆረጠው ለእኔ ብቻ ነው እንዴ?

የሰው ጠብ ሳስታርቅ የኖርኩ ሰው፣ ለራሴ ሽማግሌ ላክሁ። ገዢው ልጅ፣ ይባረክ፣ ጨዋ ነው። ሠርጉን ማዛወር አይችልም፤ እኔን ሜዳ መጣልም አልፈለገም። ተስማማን፦ ጥር 29 ትልቁን ቤት ላስረክብ፣ ውክልናው እስኪመጣ እኛ ሰርቪስ ቤት እንግባ። እናም በገዛ ግቢዬ ድንኳን ተጣለ፤ በገዛ ሳሎኔ ሙሽሮች ተቀመጡ፤ እኔ ከጓሮ ተጠርቼ መጥቼ «ውለዱ፣ ክበዱ» ብዬ መርቄ፣ ጠጄን ይዤ ወደ ሰርቪሴ ተመለስኩ። ሙሽራይቱ ጠዋት ጠዋት ቁርስ ትልክልን ነበር። ፍርፍሯ ጨው ይበዛበታል፤ አልነገርኳትም።

ውክልናው የመጣው በሦስት ሳምንቱ ነው። አሁን ሰበታ ነን። ኮኩ አብቧል። የኮልፌ እድሬን አልተውኩም፤ በሳምንት አንድ ቀብር እየተጓዝኩ እቀብራለሁ። የዚህንም ሰፈር እድር ጠይቄ፣ አዲስ አባል ስድስት ወር ሳይሞላው ቢሞት አይከፈልለትም ተባልኩ። ከታኅሣሥ ወዲህ «አይቸኩሉ» ያለኝ ሰው የእድሩ ጸሐፊ ብቻ ነው።

አንድ ጣጣ ቀርቷል። የዋንዛ ቁምሳጥኔ፣ በ1982 ያሠራሁት፣ በአዲሱ ቤት በር አልገባም፤ በረንዳ ላይ ቆሟል። ክረምቱ ሳይመጣ የሚፈልግ ሰው ካለ አይሱዙ ይዞ ሰበታ ይምጣ። ዋጋው እንደተስማማን ነው። ቀብድ ግን አልቀበልም።