«ሆድ ይፍጀው» ላልከው፣ ማግኔት ይየው!

ለንደን ውስጥ ሃምሳን የተሻገርን ወንዶች ቡና ላይ ስንገናኝ፣ ስለ መኪናችን ዘይት ሳንሳቀቅ እናወራለን። አንዱ «ፕሮስቴት» ካለ ግን ሁሉም አቀርቅሮ ሲኒውን ያያል። ዛሬ ማቀርቀር የለም፤ ሰበባችሁን አምጡ፣ መልሱን ውሰዱ።

«እኔን ምንም አያመኝም!»
ሌባ በር አንኳኩቶ ይገባል ያለህ ማነው? ፕሮስቴት ከፊኛ በታች የተቀመጠች፣ ትንሽ ሎሚ የምታህል ዕጢ ናት። ካንሰሩ ብዙ ጊዜ የሚነሳው ከሽንት ቧንቧው ራቅ ብሎ ከዳሯ ስለሆነ፣ ገና ሲጀምር ሽንትም አይከለክል፣ እንቅልፍም አይነሳ። እስኪያምህ ከጠበቅክ በሩን የምትቆልፈው ቤቱ ከተዘረፈ በኋላ ነው።

«ሌሊት ሦስቴ ለሽንት መነሳትማ እርጅና ነው!»
ሊሆን ይችላል። ዕጢዋ ያለ ካንሰርም ታብጣለች። ፍርዱን ግን ሐኪም ይስጥ እንጂ ትራስህ አይስጥ።

«ኧረ እኔ ልብሴን አላወልቅም!»
ማን አውልቅ አለህ? መጀመሪያ የሚፈለገው ከክንድህ የሚቀዳ ደም ነው፤ ምርመራው ፒ ኤስ ኤ ይባላል። ክንድ ማሳየት ነውር ከሆነ በበጋ ለምን እጅጌ ጉርድ ትለብሳለህ?

«ፒ ኤስ ኤው ከፍ ካለ በመርፌ ይወጋጉኛል!»
የምትፈራው የድሮውን ነው። ያኔ በፊንጢጣ በኩል አሥር፣ አሥራ ሁለት ጊዜ ናሙና ይወሰድ ነበር፤ ካንሰሩ ዕጢዋ ውስጥ የት እንደተደበቀ ሳይታወቅ። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው ፕሮሚስ የተባለው የብሪታንያ ጥናት 576 ወንዶችን በድሮው መርፌም፣ ኤም አር አይ በተባለው የማግኔት ምስልም መረመረ። አደገኛ ካንሰር ካለባቸው 100 ሰዎች ኤም አር አይ 93ቱን ሲለይ፣ የድሮው መርፌ ያገኘው 48ቱን ብቻ ነው። ምስሉ ቀድሞ ቢሆን ኖሮ ከአራቱ አንዱ ጭራሽ ሳይወጋ ወደ ቤቱ ይሄድ ነበር። በ2018 ደግሞ ፕሪሲሽን የተባለው ጥናት 500 ወንዶችን በ11 አገሮች አየ፤ ምስል የቀደመላቸው ላይ አደገኛው ካንሰር በብዛት ተገኘ፣ ባይነካ የሚሻለው ደካማው ደግሞ በጥቂቱ። ከ2019 ጀምሮ የእንግሊዝ የሕክምና መመሪያም «ምስሉ ይቅደም» ይላል። አሁን መርፌው ካስፈለገ እንኳ የሚሄድበትን ያውቃል።

«የኤም አር አይ ጨረሩ ራሱ ካንሰር ያመጣል!»
ማሽኑ ማግኔትና የሬዲዮ ሞገድ እንጂ ኤክስሬይ የለበትም። ስትተኛበት ይንኳኳል፤ ሰርግ ቤት ያለውን ድምፅ ማጉያ የቻለ ጆሮ ይህን ይችላል። የልብ ምት ማስተካከያ ወይም ሰውነትህ ውስጥ ብረት ካለ ግን አስቀድመህ ተናገር።

«ካንሰር ከተገኘብኝ ወዲያው ይቆርጡኛል!»
ማን ቸኮለ? ቀስ ብሎ የሚያድገው በደም ምርመራና በምስል እየተጠበቀ ዓመታት ይቆያል። ቢላዋ የሚቀርበው ለሚገባው ነው።

«ምስሉ ንጹህ ከሆነ በቃ፣ ተገላገልኩ!»
ቀስ በል! ከመቶ 93 ማለት ከመቶ መቶ አይደለም። ሐኪምህ ፒ ኤስ ኤህን መከታተል አለበት፤ አንተም ቀጠሮህን አትርሳ።

«ይሄ የፈረንጅ በሽታ ነው!»
በእንግሊዝ የፕሮስቴት ካንሰር በዕድሜ ዘመኑ የሚይዘው ከስምንት ወንዶች አንዱን ነው፤ ከጥቁር ወንዶች ግን ከአራቱ አንዱን! ቡናው ላይ አራት ሆነን ተቀምጠን የለ? ቁጠረን።

«ታዲያ አስፈላጊ ቢሆን ደብዳቤ ይልኩልኝ ነበር!»
ለባለቤትህ የጡት ምርመራ ጥሪ ይመጣላታል። ላንተ ለዚህ የሚመጣ ጥሪ የለም። ካልጠየቅክ ማንም አይጠራህም።

ወንድሜ፣ ሃምሳ ከሞላህ፣ ጥቁር ከሆንክ ወይም አባትህን ወይም ወንድምህን ይዞት ከነበረ ደግሞ ከ45 ጀምሮ፣ ጂፒህ ዘንድ ደውልና «ስለ ፒ ኤስ ኤ ምርመራ መነጋገር እፈልጋለሁ» በል። ከዚያ ቡናው ላይ ተመለስና ያደረግኸውን ጮክ ብለህ አውራ። ሲኒውን እያየ የሚሰማህ ሰው አጠገብህ አለ።