ብርድ በገንዘብ

የሌለውን ፍለጋ ወደ ገበያ መውረድ የሰው ልጅ የጥንት ጠባዩ ነው፤ ቆለኛው የደጋ ቅቤ፣ ደገኛውም የቆላ በርበሬ ቢሸምት አንዱ በሌላው የሚስቅበት ምክንያት የለም። ያለውን፣ ያውም ተርፎት የሚሸሸውን ነገር በገንዘብ የሚገዛ ሰው ይገኛል ቢሉኝ ግን እስከ አምና ድረስ አላምንም ነበር። ዛሬ አምናለሁ፤ በዚህ በጌሼ ራቤል ተወልጄ፣ በውርጭ ተገርፌ አድጌ፣ ለልጆች ፊደል ሳስቈጥር ጠመኔ የያዙ ጣቶቼ በየጧቱ እየደነዘዙ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ፣ ብርድ የሚሠራ ሣጥን በአራት ሰው ሸክም አስወርደው ወደ ቤታቸው ካስገቡት ሰዎች ቍጥር ገብቻለሁና።

ገዢዋ በእውነቱ እኔ አይደለሁም፤ አዲስ አበባ የምትኖረው ልጄ ናት። እርሷም ወላጆቿ ያለ ፍሪጅ መኖራቸው በኅሊናዋ እንደ ዕዳ ሲከብዳት ቆይቶ፣ ከደመወዟ እየቈጠበች ገዝታ በጭነት መኪና ሰደደችው። ሣጥኑም ካርቶኑን እንደ ካባ ደርቦ፣ በገመድ ታስሮ፣ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዞ ደብረ ብርሃን ደረሰ፤ ከዚያም ጣርማ በር ላይ የደሴን መንገድ ትቶ ወደ መሐል ሜዳ ታጠፈ፤ ዳገቱን በወጣ ቍጥርም አየሩ እየቀዘቀዘ ስለሚሄድ፣ ከእኛ ደጅ ሲደርስ የተፈጠረበትን ግብር መንገድ ላይ ጨርሶ የመጣ ይመስል ነበር።

እናቴ ቆብ ከደፉ ወዲህ አገር ሁሉ የሚጠራቸው እማሆይ እያለ ነው። የበግ ጠጕር ባናቸውን ተከናንበው፣ ከምድጃው አጠገብ እንደ ተቀመጡ፣ ነጩን ሣጥን ከእግር እስከ ራሱ ተመለከቱትና፣

«ልጄ፣ ይህ ደግሞ ምን ይሠራል?» አሉኝ።

«ያቀዘቅዛል፣ እማዬ።»

«ምኑን?»

«ያስገቡበትን ሁሉ።»

እማሆይ ባናቸውን ወደ ጆሯቸው ሳብ አድርገው ጥቂት ካሰቡ በኋላ፣ «ታዲያ ቤቱ ምን ሲሠራ ሊያድር ነው?» ብለው ጠየቁኝ። በማስተማር ዘመኔ ከተማሪም ከተቈጣጣሪም ብዙ ጥያቄ ተጠይቄያለሁ፤ እንዲህ መልስ ያሳጣኝ ግን ትዝ አይለኝም።

ፍሪጁ እንደ አገሩ ሥርዐት በሳሎን ተቀመጠ፤ ምክንያቱም በእኛ ዘንድ ፍሪጅ የወጥ ቤት ዕቃ ሳይሆን የክብር እንግዳ ነው። ባለቤቴ በራሱ ላይ በእጇ የሠራችውን ዳንቴል አለበሰችው፤ በዳንቴሉም ላይ የልጃችንን የምርቃት ፎቶግራፍ፣ በፎቶግራፉም ጎን የፕላስቲክ አበባ አኖረችበት። ከፋብሪካ ለብሶት የመጣውን ላስቲክ ግን ማንም እንዲነካበት አልፈቀደችም። በዚህስ አገሩን ሁሉ ከመምሰል በቀር አልበደለችም፤ የቴሌቪዥኑን ሪሞት በፌስታል ጠቅልሎ፣ ቍልፉ በማይታይበት በኩል ሲጫን የሚያመሽ ጎረቤት አለኝና። ይህን ልማድ ብዙ ጊዜ ሳሰላስለው፣ ለዕቃው ክብር ሳይሆን ለገንዘባችን የምናደርገው ግንዘት ሆኖ አገኘዋለሁ፤ ላስቲኩ እስካልተላጠ ድረስ ዕቃው አዲስ ነው፣ ዕቃው አዲስ ከሆነም ብሩ ገና ከእጃችን አልወጣም።

ሶኬቱ ከተሰካ በኋላ ያለው ነገር ደግሞ የመብራት ፈቃድ ነው። በቋንቋችን መብራት እንደ ዘመድ ይሄዳል፣ ይመጣል እንጂ ተቋረጠ አይባልም፤ ሲሄድ «መቼ ይመለስ ይሆን» እየተባለ ይጠበቃል፣ ሲመጣም ልጆች እልል ይሉለታል። ዘመድ ግን ሲመለስ ቀስ ብሎ ደጅ ይመታል፤ መብራት በሩን ገንጥሎ ስለሚገባ፣ ለፍሪጁ ስታቢላይዘር የምትባል አንዲት በረኛ ገዝተን በፊቱ አቆምን። እርሷም ሌሊቱን ሙሉ ጠቅ፣ ጠቅ እያለች ማን እንደ ገባና ማን እንደ ወጣ ትነግረናለች።

እንዲህ ተከብሮ ሁለት ወር ከቆየ በኋላ፣ በታኅሣሥ፣ ደጅ ያደረ የገንዳ ውሃ ጧት በረዶ ለብሶ በሚገኝበት ሰሞን፣ አንድ ምሥጢር ገጠመኝ። ሞተሩ ድምፁን አጠፋ፤ በላይኛው ክፍሉ፣ በረዶ ቤት በሚባለው፣ የነበረው በረዶ ቀልጦ ወለሉን አራሰው። ከደጅ ያለው ውሃ ረግቶ ፍሪጅ ውስጥ ያለው ሲቀልጥ ማየት፣ ፍጥረት ሥርዐቱን የረሳ ያስመስላል። መብራት ሄዶ እንዳይሆን አምፖሉን አየሁ፤ ይበራል። በመጨረሻ ደብረ ብርሃን ላለ አንድ ባለሙያ ስልክ ደወልሁ፤ እርሱም የቤቴን ሁኔታ በትዕግሥት ከሰማ በኋላ፣

«ጋሼ፣ ዕቃዎ ጤነኛ ነው። ወደ ምድጃው ጠጋ ያድርጉትና ቤቱን ያሙቁለት» አለኝ።

ለማቀዝቀዝ የተገዛ ዕቃ እንዲያቀዘቅዝ ማሞቅ ያስፈልገዋል ማለት ነው። መነጽሬን አድርጌ፣ ባትሪ ይዤ ከጀርባው የተለጠፈውን ወረቀት ስመረምር ቃሉ እውነት ሆኖ ተገኘ፤ «ቲ» የምትባለው የፈረንጅ ፊደል ተጽፋበታለች፤ ትርጓሜዋም ይህ ዕቃ ሙቀቱ ከ16 እስከ 43 ዲግሪ በሆነ ቤት ያገለግላል ማለት ነው። የነገሩ ብልሃት እንዲህ ነው፦ በፍሪጁ ሆድ ውስጥ ሙቀት የምትጠብቅ አንዲት ዘብ አለች፤ ሆዱ ከ4 ወይም ከ5 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ ሞተሩን «ተነሥ» ትለዋለች፣ ሲበርድ «ተኛ» ትለዋለች። በእኛ አገር ሌሊት ቤቱ ራሱ የፍሪጅን ሆድ ስለሚመስል፣ ዘቧ «ሥራው ተሠርቷል» ብላ ሞተሩን ታስተኛዋለች፤ በረዶ ቤቱ ግን የራሱ ዘብ የለውምና፣ ጌታው ሲተኛ እርሱ ይቀልጣል። የሠሩት ሰዎች ደጋ የሚባል ነገር በዓለም ላይ መኖሩን አልሰሙም፤ ወይም ሰምተው ከዚያ የሚኖር ሰው ፍሪጅ ይገዛል ብለው አልጠረጠሩም፤ በዚህም አልፈርድባቸውም።

የንስሐ አባታችን ሊጠይቁን በመጡ ጊዜ በሩን ከፍተው የውስጡን ክፍል በጣታቸው ቈጠሩ። ለሥጋ፣ ለቅቤ፣ ለወተት የተለየ መደብ አለው፤ ለእንቁላልም 12 ጕድጓድ ተበጅቶለታል። አባም ረቡዕና ዓርብን፣ የዐቢይ ጾምን 55 ቀን፣ የፍልሰታን 15 ቀን፣ ከኅዳር 15 ጀምሮ ጾመ ነቢያትን፣ የሐዋርያትንም ጨምረው፣ «ለሚጾም ሰው ከዓመቱ ከ200 ቀን በላይ ይሄዳል፤ ይህ ሣጥን ከእናንተ ጋር ሊጾም ነው የመጣው» ብለው ፈረዱ። እንደ ፍርዳቸውም ሆነ፤ በጾም ቀን በሩን የሚከፍት ሰው የሚያገኘው ጥቂት የሽሮ ወጥና በከንቱ የሚበራ አንድ አምፖል ነው።

ልጄ ግን በዚህ አላበቃችም፤ ለገና የኤሌክትሪክ ማንቆርቆሪያ ላከች። ይህኛው ሠራተኛ ነው፤ ውሃውን ባፍታ አንተክትኮ፣ እንፋሎቱ ከሁለት ዓይነት ብረት የተሠራች ስስ ቅጠል አግኝቶ ሲያጐብጣት፣ ጠቅ ብሎ ራሱን ያጠፋል። እማሆይ ከዚያ የተቀዳ ሻይ ቀምሰው፣ «ፈላ እንጂ መች ጋለ?» አሉ። እኔም እንደ መምህርነቴ ላስረዳቸው ተነሣሁ፦ ውሃ በ100 ዲግሪ የሚፈላው በባሕር ጠርዝ ነው፤ በየ300 ሜትሩ ከፍታ አንድ ዲግሪ ያህል እየቀነሰ፣ አዲስ አበባ በ92 ገደማ፣ 3000 ሜትር ከፍታ ላይ ደግሞ በ90 ገደማ ይፈላል፤ ከላይ የሚጫነው አየር ስለሚሳሳ፣ ውሃው ሳይግል ለመዝለል ነፃነት ያገኛል። ስለዚህ ማንቆርቆሪያው «ፈላ» ሲል አልዋሸም፤ እማሆይም «አልጋለም» ሲሉ አልተሳሳቱም።

ይህን ባላውቅ ኖሮ ባለቤቴን በከንቱ እወቅስ ነበር፤ ከከተማ የመጣው ፓስታ በላዩ «ለ8 ደቂቃ ይቀቀል» ተብሎ ተጽፎበት፣ እርሷም ሰዓት ይዛ 8 ደቂቃ ቀቅላ ባቀረበች ጊዜ፣ ገበታችን የቆሎ ድምፅ አሰምቷልና። የደጋ ሴት ባቄላና ሽምብራ ስትቀቅል ሰዓት የማትመለከተው፣ በጣቶቿ መካከል አድርጋ ጨፍልቃ የምትፈትነው፣ ባለማወቅ አለመሆኑ ያን ዕለት ገባኝ። አባም በማግሥቱ ይህን ሲሰሙ፣ «መፍላትና መብሰል ለየቅል ናቸው፤ ስንቱ ሰው ሲፈላ ይኖራል እንጂ መች ይበስላል!» አሉና ዐይናቸውን በእኔ ላይ አሳረፉ። ለምን በእኔ ላይ እንደ ሆነ አልጠየቅኋቸውም።

እነዚህን ሁለት ዕቃዎች ፊት ለፊት አስቀምጬ ሳስብ፣ ሰው ዕቃ ሲገዛ ዕቃውን ብቻ ገዝቶ እንደማይገባ ተገነዘብሁ፤ የሠራውን አገር አየር፣ ሰዓት፣ ገበታ አብሮ ያስገባል። ማቆየት ለአገራችን አዲስ ጥበብ ቢሆንማ ኖሮ ባልተከራከርሁ፤ ነገር ግን ቋንጣው በጭስና በደረቅ ብርድ፣ ቅቤው ነጥሮ፣ እህሉ በጎተራ ሲቆይ ኖሯል። እንዲያውም የጎረቤታችን የመንዝ አባቶች ተራራ ያቆዩ ናቸው፤ ጓሳ የሚባለውን ተራራ ቄሮ በሚሉት ሥርዐት እየዘጉ፣ ቤት የሚከደንበትን ሣር 3፣ አንዳንዴም 5 ዓመት ድረስ ማንም ሳያጭደው አሳድረው፣ በደረሰ ጊዜ ይከፍቱት ነበር፤ ያ ሥርዐት ከ1967ቱ የመሬት ዐዋጅ በኋላ ቢፈርስም፣ ሣሩ ግን ዛሬም ጥበቃ አለው። ያ ፍሪጅ ሶኬት አልነበረውም፤ በሩን የሚከፍተውና የሚዘጋው መሐላ ነበር።

አሁን ወደ ፍጻሜው ልምጣ። በጥር አጋማሽ መብራት ሄዶ ሦስት ቀን ሳይመለስ ቀረ። የዝክር ዳቦ ሊጋገር ቡሆው ተቦክቶ ሳለ፣ ብርዱ ስለ ጸና ሊጡ እንደ ድንጋይ ተኝቶ ኩፍ ሊል አልቻለም፤ እኔና ባለቤቴ በማዳበሪያ ከረጢት ጠቀለልነው፣ ወደ ምድጃ አስጠጋነው፣ በአንድ በኩል ሲበስል በሌላው በኩል ቀዘቀዘ። እማሆይ ይህን ሁሉ በዝምታ ሲያዩ ቆይተው ተነሡ፤ የሞተውን ፍሪጅ ከፍተው፣ መደቡን አንድ በአንድ አወጡ፤ የፈላ ውሃ በእንስራ ሞልተው ከታች አኖሩ፤ ቡሆውን ከነገበታው በላዩ አስገብተው በሩን ዘጉና፣ ማንም እንዳይከፍት አማትበው ተኙ።

ሲነጋ በሩን ቢከፍቱ፣ ሞቅ ያለ የእርሾ ሽታ ቤቱን ሞላው፤ ቡሆው ከገበታው አልፎ፣ በእንቁላሉ መደብ በኩል አንገቱን አውጥቶ ይመለከተን ነበር። ወፍራም ግድግዳው ብርድና ሙቀትን ለይቶ አያውቅም፤ የሰጡትን ይዞ ማሳደር ብቻ ነው ሥራው። እማሆይም ላስቲኩን መታ፣ መታ አደረጉና፣ «ደግ ዕቃ ነው፤ የሚያሠራው ሰው አጥቶ ኖሯል እንጂ» አሉ።

በዚያው ቀን ልጄ ደወለች። «አባዬ፣ ፍሪጁ እንዴት ነው? ደኅና ያቀዘቅዛል?» አለችኝ። ዳቦውን እየቈረስሁ ስለ ነበር አፌ ሞልቶ ወዲያው መልስ መስጠት አልቻልሁም፤ እማሆይ ስልኩን ከእጄ ተቀበሉና፣

«ልጄ፣ እግዚአብሔር ይስጥሽ፤ ከምድጃው ይበልጣል» አሏት።

ልጄም በደስታ፣ ለፋሲካ ደግሞ የአየር ማቀዝቀዣ ልትልክልን ቃል ገባች።