ኮሎኔሉ ለድሃ ሲያዝኑ

የዕፅዋት ማዕከል የመሠረተ ሰው ሲወደስ ወግ አለው። መጀመሪያ አበባ ወዳድነቱ ይነሳል፤ ቀጥሎ አርቆ አሳቢነቱ። መሬቱ የማን ነበር፣ ጉድጓዱንስ ማን ቆፈረ ብሎ መጠየቅ ነውር ነው። እኔም ወጉን ሳላፈርስ ለሌተና ኮሎኔል ሮበርት ኪድ የሚገባቸውን ምስጋና ላድርስ።

እኒህ ስኮትላንዳዊ የእንግሊዙ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ የጦር መኮንን ነበሩ። ኩባንያው ነጋዴ ነው፤ ጦር የሚያዘምት፣ ግብር የሚያስገብር ነጋዴ። ዝናብ ጠፍቶ በ1770 እ.ኤ.አ. ቤንጋል በረሃብ ስትረግፍ፣ ከሕዝቡ ሲሶው እንዳለቀ የኩባንያው ገዥ ዋረን ሄስቲንግስ ራሳቸው ገምተዋል። እኒሁ ገዥ በ1772 ለንደን ላሉት አለቆቻቸው የምሥራችም ጽፈዋል፦ በ1771 የገባው ግብር ከረሃቡ በፊት፣ በ1768 ከገባው በልጧል። ግብሩ እንዳይወርድ የተደረገው በጉልበት መሆኑንም አልሸሸጉም። ሲሶው ሕዝብ ሞቶ ግብር ሲያድግ የአስተዳደር ጥበብ ካልተባለ ምን ሊባል ነው? የሟቹን ዕዳ ከሞት የተረፈው ጎረቤቱ ይከፍላላ! ይህም ቀልድ እንዳይመስላችሁ፤ ስም ያለው የግብር ዓይነት ነበር።

ኮሎኔሉ ግን ርኅሩኅ ናቸው። በ1786 ለኩባንያው በጻፉት ሐሳብ ረሃብ የማይደገምበትን መላ ዘየዱ። የግብሩ መዝገብ ይታይ አላሉም። ዛፍ ይተከል አሉ! ከግንዱ ዱቄት የሚወጣው ሳጎ የተባለ ዘንባባ ከማላይ አገር፣ ቴምር ደግሞ ከፋርስ ይምጣ። ሩዙ ለግብር ይሂድ፤ ገበሬው የዘንባባ ግንድ ይፋቅ። ሐዘናቸው የይስሙላ ነበር አልልም፤ ከልብ ሳይሆን አይቀርም። ጨዋነቱ ግን ይደንቃል፦ የኩባንያው የገንዘብ ሣጥን ደጃፍ ሲደርስ እጅ ነስቶ ይመለሳል።

ደብዳቤው ሌላውንም ጉዳይ አልደበቀም። ይቋቋም ያሉት የዕፅዋት ማዕከል ብርቅ ተክል የሚደረደርበት መናፈሻ አይደለም፤ አገሬውንም እንግሊዝንም የሚጠቅም፣ ውሎ አድሮም ንግድ የሚያሰፋ ተክል ይፈላበታል። ቅርንፉድና ገውዝ በአብዛኛው በደቾች እጅ መሆናቸው እንቅልፍ የሚነሳ ነገር ነበር፤ ለመርከብ የሚሆን የቲክ ግንድም ያስፈልጋል። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ይባላል፤ ኩባንያው መርከብ አማረው። በ1787 ከካልካታ ማዶ፣ ሲብፑር ላይ፣ የሁግሊን ወንዝ ተከትሎ 300 ኤከር ገደማ ተከለለ፤ ኮሎኔሉም በ1793 እስኪሞቱ ድረስ መሩት። የዕፅዋት ትምህርት አልነበራቸውም። መሥራች ለመሆን ማዕረግ እንጂ ትምህርት መቼ ተጠይቆ ያውቃል?

ፍሬውስ? ቅመሞቹ የቤንጋልን አየር እምቢ አሉ። ቲኩ ሠላሳ ዓመት ያህል ከተለፋበት በኋላ የሲብፑር አፈር እንደማይስማማው ታወቀና፣ መሬቱ በ1820 ገደማ ተቆርሶ ለአንድ የቤተ ክርስቲያን ኮሌጅ ተሰጠ። መርከብ እምቢ ያለ መሬት ሰባኪ ያበቅል ይሆናላ። ረሃቡም ቢሆን መላ ተዘይዶልሃል ቢሉት አልሰማም፦ በ1943 ተመልሶ መጣ፤ ቤንጋልም ያን ጊዜ በእንግሊዝ እጅ ነበረች፤ ሚሊዮኖች አለቁ። ማዕከሉ 156 ዓመት ሞልቶት፣ እንደተዋበ ነበር።

ምስጋናው ግን አልተጓደለም። ተተኪያቸው ዊልያም ሮክስበርግ አንድ የዛፍ ወገን ኪዲያ ብለው በስማቸው ጠሩላቸው፤ የእብነ በረድ ማስታወሻም ቆመላቸው። ስለቆፈሩት፣ ስላጠጡትና ስለኮተኮቱት ማሊዎች፣ በዚያ አገር አትክልተኛ የሚጠራው እንዲህ ነው፣ ምንም አልተጓደለም፤ ምንም አልታሰበማ።

አንድ ያልተስተካከለ ነገር ቀርቷል። ጎብኚው የሚጎርፈው ከማዕከሉ በዕድሜ ይበልጣል ወደሚባል አንድ የባንያን ዛፍ ነው። ማንም ኮሎኔል አልተከለውም። ይባስ ብሎ ዋናው ግንዱ ታሞ በ1925 ተቆርጦ ሲወጣ፣ እሱ ከቅርንጫፎቹ ሥር እያወረደ ዛሬም ይስፋፋል። ያለ ዋና ግንድ፣ ያለ መሥራች፣ ያለ ፈቃድ! ለሌላው ዛፍ መጥፎ ምሳሌ ሳይሆን፣ ከጡረተኛ መኮንኖች አንዱ ቶሎ መሥራች ዳይሬክተር ተደርጎ ይሾምለት።