የግቢ ውሻ አያያዝ በቡሄ ሰሞን፦ ከደብረ ታቦር ከተማ የቀረበ መጠነኛ ጥናት

ደብረ ታቦር ከተማ ስሟን ያገኘችው ጌታ ብርሃነ መለኮቱን ከገለጠበት ከታቦር ተራራ ነው። ስለዚህ ነሐሴ 13 ቀን ሌላው አገር በዓል ሲያከብር፣ እሷ በዓሉንም ስሟንም አንድ ላይ ታከብራለች። ስለ በዓሉ ምሥጢር ሊቃውንቱ አመሥጥረዋል፤ ስለ ከተማዋ ታሪክ ብዙ ተጽፏል፤ የሙልሙል አጋገርን እናቶች ሳይጻፍም ያውቁታል። በዓሉን ከሁሉ በባሰ ጭንቀት የሚያሳልፈው የቤተሰብ አባል፣ ማለትም ውሻው፣ ተገቢውን ምሁራዊ ትኩረት አላገኘም። ይህ ጥናት የሚነሣው ከዚህ ቁጭት ነው።

ጥናቱ የሚመለከተው የግቢ ውሻን ብቻ ነው። የግቢ ውሻ ማለት በቆርቆሮ አጥር ውስጥ የሚኖር፣ ቀን የሚታሰር፣ ማታ የሚፈታ፣ ከቤተሰቡ የተረፈውን የሚበላና ከቤተሰቡ ያልተረፈ ቀን ደግሞ የሚታገሥ እንስሳ ነው። ወደ ፋርጣ ገጠር ወጣ ሲባል የሥራ መደቡ ወደ በግ ጥበቃ ከፍ ይላል፤ ደሞዙ ግን ያው ነው። የጥናቱ ተሳታፊዎች ስማቸው እንዳይገለጽ አልጠየቁም። ቢገለጽም ለውጥ የለውም፤ በአንድ ሰፈር ያሉት ቦቢዎች ብዛት ራሱ ምስጢር ጠባቂ ነው።

የችግሩን ምንጭ ለመረዳት የውሻውን የሥራ ውል መመርመር ያስፈልጋል። ዓመቱን ሙሉ ከቤቱ የሚሰጠው መመሪያ አንድ ነው፦ የማታውቀው ሰው በር ላይ ከቆመ ጩኽ። ሲጮኽ ይመሰገናል፣ ዝም ሲል “ይሄ ደግሞ እንጀራ ከመጨረስ በቀር ምን ይሠራል” ይባላል። በዚህ ሁኔታ አሥራ አንድ ወር ተኩል ይሠለጥናል። ነሐሴ 12 ቀን ማታ፣ ዝናቡ ጋብ ሲል፣ አሥራ አምስት የሚሆኑ የማያውቃቸው ልጆች እያንዳንዳቸው ዱላ ይዘው በሩ ላይ ይሰለፋሉ። ዱላውን እኩል እያነሡ መሬቱን ይደልቁታል። አንዱ ያወርዳል፣ የቀሩት ይቀበላሉ፤ ገንዘብ ያዡ ከኋላ ቆሞ የቤቱን አቅም በዓይኑ ይገምታል። ውሻው ሠርቶ አደር ነውና በውሉ መሠረት ይጮኻል። ከቤት የሚመጣው ምላሽ “ዝም በል አንተ ባለጌ!” የሚል ነው።

ጥናቱ እዚህ ላይ ቆም ብሎ ባለጌው ማን እንደሆነ ሊጠይቅ ይገባ ነበር። ባለቤቶቹ ግን የበዓል ሙልሙል ስላቀረቡልን ጥያቄው ለሌላ ጊዜ ተላልፏል።

ወደ ጅራፉ እንለፍ። ጅራፍ የሚጮኸው መሬት ስለመታ ወይም ገመድ ከገመድ ስለተላተመ አይደለም፤ ጫፉ ከድምፅ ፍጥነት ስለሚቀድም ነው። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ አየሩ በቀዘቀዘ ቁጥር ደግሞ ትንሽ ይዘገያል፤ ስለዚህ የጉና ተራራ ብርድ ለፋርጣ እረኛ መጠነኛ ድጎማ ያደርጋል ማለት ነው። ቸክ ዬገር የተባለ አሜሪካዊ አብራሪ በጥቅምት 1940 ዓ.ም. በአውሮፕላን ድምፅን ቀድሞ ስሙ በዓለም መዝገብ ሰፈረ። የኛ እረኛ ይህንኑ በልጥና በቃጫ ሲሠራው ኖሯል፤ ያውም ያለ ሞተር፣ በሙልሙል ክፍያ።

ሰው የሚሰማው ድምፅ ቢበዛ እስከ 20,000 ኸርዝ ሲደርስ የውሻ ጆሮ ከ40,000 ያልፋል። እኛ ከሩቅ ሰምተን የምንደሰትበት ድምፅ እሱን ከአልጋ ሥር ይከተዋል። መምህራኑ የጅራፉን ጩኸት በተራራው ላይ ከተሰማው የአብ ድምፅ፣ ችቦውን ከብርሃኑ ጋር ያያይዙታል። ውሻው ይህን ትርጓሜ አልተማረም፤ ቤተ ክርስቲያን ስለማይገባ የሚማርበት ዕድልም የለውም። የሚያውቀው አንድ ነገር “ጧ” ማለቱን ነው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ እንኳንስ ውሻ፣ ሰውም በዚህ አገር “ጧ” ሲል ሰምቶ ጅራፍ ነው ብሎ ከማመኑ በፊት ወሩ ነሐሴ መሆኑን ያረጋግጣል።

የአካባቢው ውሾች ለከባድ ድምፅ በዘር ባዕድ ናቸው ለማለት ግን ያስቸግራል። ከከተማዋ አፍንጫ ሥር፣ ጋፋት ላይ፣ አፄ ቴዎድሮስ አውሮፓውያን ሚሲዮናውያንን መድፍ አሠርተዋል። ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖል በ1860 ዓ.ም. ከዚሁ ተነሥቶ በሰው ጉልበት እየተጎተተ መቅደላ ደርሷል። ያን ሰሞን የጋፋት ውሾች የት ይታሰሩ እንደነበር የሚናገር ሰነድ ቢገኝ ለዚህ ጥናት ከመድፉ ይልቅ ይጠቅም ነበር።

ስለ ድምፁ የተደረሰበት ውጤት እንደሚከተለው ነው። ውሻው በዋዜማው ገና በጊዜ ይብላ፣ ውኃ ይቅረብለት፣ ከመምሸቱ በፊትም ዞር ዞር ብሎ ይድከም። ከዚያ ከበሩ ርቆ ወደሚገኝ ክፍል፣ ማዕድ ቤትም ይሁን የእንጨት ማስቀመጫ፣ ገብቶ ይዘጋበት፤ ሬዲዮ ካለ አጠገቡ ይከፈት። ጓሮ አስሮ መተው መፍትሔ አይደለም። የታሰረ ውሻ ሲደነግጥ ገመዱ አንገቱን ያንቀዋል፤ በዚህ ላይ ጅብ አለ። ጅብ ቡሄን አይጾምም። የሚንቀጠቀጥ ውሻን መቆጣት ደግሞ ፍርሃቱ ትክክል እንደነበር ማስረጃ ማቅረብ ነው፤ ከጅራፉ በላይ አሁን ጌታውንም ይፈራል።

ቀጥሎ የሚታየው “አይናከስም” የተሰኘው አንጋፋ ንድፈ ሐሳብ ነው። ልጆቹ ከበሩ ውጭ ሆነው “እማማ፣ ውሻው ታስሯል?” ይላሉ። “ግቡ ልጆቼ፣ አይናከስም” የሚል መልስ ይመጣል። ንድፈ ሐሳቡ በመላ አገሪቱ ተቀባይነት ያለው ሲሆን አንድ የአሠራር ጉድለት ብቻ ይታይበታል፤ ማስረጃውን የሚሰጠው ሁልጊዜ ውሻው ነክሶት የማያውቅ ሰው፣ ማለትም ባለቤቱ ነው። ገለልተኛ ምስክር የሚሆነው የቡድኑ ትንሹ ልጅ ነው። እሱ የደረሰውን ሙልሙል በፌስታል አንጠልጥሎ፣ አንዱ የላስቲክ ጫማው ጭቃ ውስጥ ቀርቶበት፣ የቆርቆሮው በር ሥር ብቅ ያለችውን ጥቁር አፍንጫ ቁልቁል ያያል። አፍንጫዋ ሁለት ጊዜ ትስባለች። ፌስታሉ ቀስ ብሎ ወደ ደረት ይወጣል። ከዚህ በኋላ ያለው ነገር በልጁ እግር ይወሰናል፦ ከሮጠ ይባረራል፤ እጁን ሰብስቦ፣ ዓይን ለዓይን ሳይገጥም ከቆመ ውሻው አሽትቶ ሊተወው ይችላል። ለልጆች ከሆያ ሆዬው ልምምድ በፊት ሊነገራቸው የሚገባው ይሄ ነው። ለባለቤቶች የሚነገረው ደግሞ ያጥራል፤ አስገቡት፣ ከዚያ “ግቡ” በሉ።

የጥናቱ እጅግ ሀብታም ክፍል የቆሎ ተማሪውን ይመለከታል። ደብረ ታቦር የአቋቋም፣ ቤተልሔም የድጓ፣ ዙር አምባ የዝማሬ መዋሥዕት አገር ነው፤ ከሩቅ አውራጃ የመጣ ተማሪ በዚህ ደጋ ሞልቷል። ተማሪው አኮፋዳውን አንግቶ፣ በትሩን ይዞ፣ “በእንተ ስማ ለማርያም” እያለ በየደጁ ይቆማል። የደብረ ታቦር በዓል ደግሞ የተማሪዎች የራሳቸው ስለሆነ፣ ጠላ የሚጠምቁበትን እህልና ጌሾ ለመሰብሰብ በዚያ ሰሞን ደጅ መቆሙ ይበረታል። ከውሻ ጋር ያለው ጠብ ከዘመን ዘመን የተላለፈ ነው፤ ቅኔ ዘራፊ ሁሉ ማለት ይቻላል ባቱ ላይ ጠባሳ አያጣም።

የጠቡ መንስኤ በተለምዶ ሰይጣን ይባላል። ጥናቱ ደበሎውን ይጠረጥራል። ደበሎ ከነጠጉሩ የተሰፋ የበግ ቆዳ ነው። የፋርጣ ውሻ ዕድሜውን ሙሉ የተሰጠው አደራ በግን ከእንግዳ ሰው መጠበቅ ነው። በዚህ ዓይን ሲታይ ክሱ ግልጽ ነው፦ የማይታወቅ ሰው የጠፋ በግ ለብሶ፣ በትር ይዞ በር ላይ ቆሟል፤ አልፎ ተርፎ ቁራሽ ይጠይቃል። ውሻው በዚህ ማስረጃ ፊት መረጋጋቱ ቢጠበቅበት ፍትሕ አይደለም። ተማሪው ደግሞ በትሩን የያዘው ለመከላከል ነው፤ ውሻው የጮኸው በትሩን አይቶ ነው። ክርክሩ ከጥንት ጀምሮ በይግባኝ ላይ ይገኛል።

ስለ ምግብ ማውራት በፍልሰታ ውስጥ ባይመከርም የጥናቱ ግዴታ ነው። ቡሄ የሚውለው በጾሙ መካከል በመሆኑ ሉካንዳው ዝግ ነው፤ ውሻውም ሳይጠየቅ፣ ያለ ንስሐ አባት ምክር ይጾማል። አደጋው ያለው ቡሃቃው ዘንድ ነው። ለሙልሙል የተቦካ ሊጥ በውሻ ሆድ ውስጥ መኩፋቱን ይቀጥላል፣ አልኮልም ያመነጫል፤ ጨጓራን እስከመንፋት ይደርሳል። የጠላ አተላም ለላም እንጂ ለእሱ አይሆንም። ነሐሴ 16 ጾሙ ሲፈታ ደግሞ የዶሮ አጥንት ይመጣል። የተቀቀለ የዶሮ አጥንት ሲሰበር እንደ መርፌ ሾሎ አንጀት ይወጋል። ወጡ ውስጥ የሟሟው ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳል። “ለእሱም በዓል ነው” ተብሎ ከወጡ የሚጨለፍለት ማንኪያ ከልብ የመነጨ መርዝ ነው።

በጉ ሲታረድ ጉዳዩ ከቤት ወጥቶ የአገር ይሆናል። ጭንቅላቱ ለውሻ ይጣላል፤ ውኃ የቋጠረ ሳንባና ጉበትም እንዲሁ። በበግ አንጎል ውስጥ ያለው የኮሶ ትል እጭ በውሻው ሆድ ያድጋል፣ እንቁላሉ በዓይነ ምድሩ ሣሩ ላይ ይበተናል፣ ሣሩን የጋጠ ሌላ በግ በአዙሪት ተይዞ ባለበት እየዞረ ይወድቃል። ባለቤቱ የጎረቤት ዓይን መስሎት ይጨነቃል። የሳንባና የጉበቱ ውኃ ደግሞ ሰውንም የሚይዝ ሌላ ትል ቋት ነው። በቅርጫ ቦታ ዙሪያ በትዕግሥት የሚቀመጡት ውሾች ሥጋ ከሚመድቡት ሰዎች የተሻለ ሥነ ሥርዓት አላቸው፤ ይህን ተመልክቶ የሚሸልማቸው ሰው የተበላሸውን ጉበት መወርወሩን ትቶ ቢቀብረው ይሻላል።

የእብድ ውሻ በሽታ የሽሙጥ ርእስ አይደለም፤ ምልክቱ አንዴ ከታየ ሰው ይተርፋል ማለት ዘበት ነው። የተነከሰ ወይም በውሻ ጥርስ የተጫረ ልጅ ቁስሉ በሚወርድ ውኃና በሳሙና አሥራ አምስት ደቂቃ ያህል ይታጠብለት፣ በዚያው ዕለት ጤና ተቋም ይድረስ። ከአባት ለልጅ የሚተላለፍ ምስጢራዊ ሥር አለን የሚሉ ሰዎች በየቀበሌው አሉ፤ ምስጢሩ እስኪወጣ ቀኑ ያልፋል። ፓስተር ክትባቱን ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ላይ የሞከረው በ1877 ዓ.ም. ነበር። በአገራችን ለብዙ ዓመታት የተሠራበት ክትባት ከበግ አንጎል ይዘጋጅ ነበር፤ በየቀኑ ሆድ ላይ ለሁለት ሳምንት ያህል የተወጉት ያስታውሱታል። በግ ለውሻ ያልከፈለው ነገር የለም። አሁን ክንድ ላይ የሚወጉት ጥቂት መርፌዎች ናቸው።

ለውሻው ደግሞ በዓመት አንድ ክትባት ይበቃዋል። የዓለም የእብድ ውሻ በሽታ ቀን ፓስተር ያረፈበት ቀን ሲሆን በኛ አብዛኛውን ጊዜ መስከረም 18፣ የመስቀል ማግስት ይውላል፤ ያን ዕለት ደጋው ሁሉ ከቅርጫ ሥጋው ጋር ስለሚታገል ቀኑን የሚያስታውሰው ጥቂት ነው። ካስታወሱት መካከል አንድ ባለቤት ቦቢን ይዞ ወደ እንስሳት ክሊኒክ ለመሄድ ተነሥቶ ነበር። የውሻው ገመድ ከቦታው ታጣ። ጓሮው፣ በረቱ፣ የእንጨቱ ሥር ሁሉ ተፈተሸ። የቤቱ ልጅ ተጠርቶ ሲጠየቅ በቡሄ ጅራፍ እንደገመደበት አመነ፤ ጅራፉ ግን በጣም ጥሩ ይጮኽ እንደነበር አክሎ ገለጸ።