ለአሥራ አንደኛው ተጫዋች የተሰጠ ምክር

እንግሊዝ አገር፣ በተለይም ከከተማ ወጣ ባለ መንደር የሚኖሩ ከሆነ፣ ከሚያዝያ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ አንድ የሥራ ባልደረባዎ ጠጋ ብሎ «ቅዳሜ ምን አለዎት?» ማለቱ አይቀርም። እርስዎም በየዋህነት «ምንም» ይላሉ። በቃ፤ የመንደሩ ክሪኬት ቡድን አባል ሆነዋል። ችሎታዎን የጠየቀ የለም። ቡድኑ አሥራ አንድ ሰው ያስፈልገዋል፤ የተገኘው አሥር ነው፤ እርስዎ ደግሞ ሁለት እግር አለዎት።

ሕጉን አጠናለሁ ብለው አይድከሙ። ለመጀመሪያ ጊዜ በጽሑፍ የሰፈረው በ1744 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)፤ ዛሬ የሚጠብቀው በ1787 የተቋቋመው የለንደኑ ሜሪልቦን ክሪኬት ክለብ ነው፤ እስካሁን ክርክሩ አላለቀም። ለእርስዎ ይህ ይበቃል፦ ከሜዳው መሀል በሁለት ወገን ሦስት ሦስት እንጨት ተተክሏል፤ ርቀታቸው 20 ሜትር ያህል ነው። ወርዋሪው እንጨቱን ጥሎ መቺውን ለማስወጣት ይወረውራል፣ መቺው በዱላው ይከላከላል፣ ኳሱን ካራቀ ከጓደኛው ጋር ቦታ እየተለዋወጠ ይሮጣል፤ ሩጫው ነጥብ ነው። መቺው ወጥቷል ወይስ አልወጣም የሚለውን ዳኛው የሚወስነው ሲጠየቅ ስለሆነ፣ ሌሎቹ ሲጮኹ እርስዎም ይጩኹ። ኳሱ ውስጡ ቡሽ፣ ላዩ ቆዳ፣ ክብደቱ 160 ግራም ገደማ ነው፤ የሚቀለበውም በባዶ እጅ ነው። ይህን የመጨረሻውን ነገር ቀድሞ የሚነግርዎት ስለማይኖር ነው እዚህ መጻፌ።

በልጅነትዎ ገና ተጫውተው ከሆነ ዱላ መያዙ አይጠፋዎትም። በገና ጨዋታ ጌታ አይቆጣም የሚለውን ይዘው ግን እንዳይዘናጉ። እዚህም ጌታ አይቆጣም፤ የጣሉትን ኳስ ግን ሠላሳ ዓመት ሙሉ በፈገግታ ያነሳብዎታል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። ይዘንባል።

በሐምሌ ዝናብ ላደገ ሰው የእንግሊዝ ዝናብ ዝናብ አይመስለውም። የእኛው ሰማይ ይጠቁራል፣ ያጉረመርማል፣ የተሰጣውን እስኪያስገቡ ጊዜ ይሰጣል፣ ከዚያ ዶፉን አውርዶ ይገላገላል። የእንግሊዙ ካፊያ መጣሁም አይል፣ ሄድኩም አይል። የመጀመሪያዋ ጠብታ ግንባርዎ ላይ ስታርፍ ታዲያ ሽቅብ አይመልከቱ፤ አንገትዎንም አይቅበሩ። በሕጉ መሠረት ጨዋታው የሚቆመው ሁለቱ ዳኞች ሜዳው ወይም አየሩ ለመጫወት አደገኛ ነው ወይም የማይሆን ነው ብለው ሲስማሙ ነው። መርጠብ አደጋ አይደለም።

ዳኞቹን ግን ልብ ይበሉ። በመንደር ጨዋታ ብዙ ጊዜ የሚዳኙት ተራቸውን የሚጠብቁ የመቺው ቡድን ልጆች ናቸው። በወዳጅነት ጨዋታ ደግሞ በሰዓት የሚያልቅ አለ፤ መቺዎቹ ሁሉ ሳይወጡ ሰዓቱ ከሞላ፣ ነጥቡም ካልተደረሰበት፣ ውጤቱ አቻ ነው። እንግዲህ ቡድናቸው እያሸነፈ ከሆነ ዶፍ ውስጥ ቆመው «ጤዛ ነው» ይላሉ። ሽንፈት ሲቃረብ ግን ከሁለት መንደር ወዲያ ያለው ደመና ይታያቸዋል።

ኳሱ ሲርስ ከእጅ ይሟልጫል፤ ወርዋሪውም ሮጦ የሚረግጠው ቦታ ያንሸራትተዋል። ለዚህ መድኃኒቱ ፎጣና አንድ ጆንያ ሰጋቱራ ነው። ሰጋቱራው የት እንደሚቀመጥ ከሁሉ በፊት ይወቁ። በዝናብ ቀን ይህን የሚያውቅ ሰው እንደ ባለሥልጣን ይፈለጋል፤ ከመወርወርም ይድናል።

መወልወያ ወይም ስፖንጅ ከሰጡዎት ደግሞ እንደ ሹመት ይቀበሉ። በነሐሴ 1968 ለንደን ኦቫል ሜዳ ላይ እንግሊዝ አውስትራሊያን ልታሸንፍ አምስት መቺ ማስወጣት ሲቀራት ዶፍ ወርዶ ሜዳው ኩሬ ሆነ። ተመልካቹ ወርዶ ከሠራተኞቹ ጋር ውሃውን ሲመጥና ሲጠርግ ዋለ። ጨዋታው ሲቀጥል ዴሪክ አንደርውድ የሚባለው ወርዋሪ፣ ኳስ እንደልቡ በሚነጥርበት በዚያ እርጥብ መሬት ላይ፣ የመጨረሻዎቹን አራት መቺዎች በ27 ኳስ አስወጣ፤ ሰዓቱ ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው እንግሊዝ አሸነፈች። የመንደሩ ካፒቴን በየሳምንቱ የሚያስበው ይህንኑ ነው። ስለዚህ ተንበርክከው ውሃ እየጨመቁ ሳለ «ዋንጫ የለው፣ ተመልካች የለው፣ ለምንድን ነው?» የሚል ጥያቄ ከመጣብዎት ዋጥ ያድርጉት።

ዳኞቹ በመጨረሻ ከተስማሙ ሁሉም ወደ መጠለያው ይገባል፤ ሻዩም ከሰዓቱ ቀድሞ ይቀርባል። እዚህ ላይ ይንቁ፤ የዕለቱ ከባድ ፈተና ይህ ነው። የፍልሰታ ጾም የሚውለው በክሪኬቱ ወቅት እምብርት ላይ ነው። ጠረጴዛው ላይ የእንቁላል ሳንድዊች አለ፤ አይሆንም። የአሳማ ሥጋ አለ፤ እሱ ጾምም ባይሆን አይሆንም፤ አብሮዎት የተሰለፈ የሐረር ሙስሊም ካለም በዚህ አንድ ናችሁ። የኪያር ሳንድዊች ያያሉ፤ ልብዎ ደስ ይለዋል። አይቸኩሉ። ገለጥ አድርገው ይመልከቱት፤ ኪያሩ ዳቦውን እንዳያርሰው ተብሎ ከሥሩ ቅቤ ተለቅልቋል። ስኮን የሚሉት ኩርማን ዳቦ ቅቤና ወተት የገባበት ነው፤ ላዩ ላይ ደግሞ ወፍራም ክሬም ይጫንበታል። የሚተርፍዎት የእንጆሪ ማርማላታ በማንኪያ፣ ከጥቁር ሻይ ጋር ነው። ሻይ አቅራቢዋ እመቤት «ምነው፣ አልጣፈጠዎትም?» ሲሉ ስለ ጾም ማስረዳት አይጀምሩ፤ ዝናቡ ሊያባራ ይችላል፣ ማብራሪያው ግን አያልቅም። ጥጋብዎን ይናገሩና ሻዩን ይድገሙ።

ከሻይ በኋላ ሒሳብ ይመጣል። በዝናብ የባከነው ጊዜ እንዴት ይካካስ የሚለው ጥያቄ ቀልድ አይደለም። በ1992 የዓለም ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ፣ ሲድኒ ላይ፣ ደቡብ አፍሪካ እንግሊዝን ለማሸነፍ በ13 ኳስ 22 ነጥብ ሲቀራት ዘነበ። ዝናቡ ደቂቃዎች ብቻ ነው የቆየው። ሲመለሱ በጊዜው በነበረው ስሌት 21 ነጥብ ከአንዲት ኳስ እንዲያገኙ ተፈረደባቸው፤ በአንድ ምት የሚገኘው ትልቁ ነጥብ ደግሞ ስድስት ነው። ከዚህ በኋላ ፍራንክ ዳክወርዝና ቶኒ ሉዊስ የተባሉ ሁለት የስታትስቲክስ ሊቃውንት ያበጁት ቀመር በ1997 ሥራ ላይ ዋለ፤ በኋላም አውስትራሊያዊው ስቲቨን ስተርን ስላሻሻለው የሦስቱንም ስም ይዟል። በመጠለያው ውስጥ ቀመሩን አውቃለሁ የሚል አንድ ሰው አይጠፋም። ሲያስረዳ ጥቂት ይታገሡና «የቀሩትን ኳሶች ብቻ ሳይሆን ያልወጡትን መቺዎችም እኮ ይቆጥራል» ይበሉት። እውነት ነው። ከዚያ በኋላ አፍዎን ይዝጉ፤ ሁለተኛ ጥያቄ ከመጣ ያልቅልዎታል።

አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ሆኖ፣ መስኮቱ ጭጋግ ለብሶ፣ ሁሉም «ወደ ምዕራብ በኩል ብርሃን ይታያል» ሲል እርስዎ ምንም ባይታይዎትም ይታየኛል ይበሉ። ልሂድ ማለት ካማረዎት ደግሞ በቂ ምክንያት ያስፈልጋል፤ ለዚህም መለኪያ አለ። በ1939 ደርባን ላይ እንግሊዝና ደቡብ አፍሪካ አሸናፊ እስኪለይ ድረስ ያለ ጊዜ ገደብ ሊጫወቱ ገጠሙ። ከማርች 3 እስከ 14 ቆዩ። እንግሊዞች 696 ነጥብ ተፈልጎባቸው 654 ላይ ደርሰው ዝናብ መጣ፤ የሚሳፈሩባት መርከብም ልትሄድባቸው ነበርና ጨዋታው ያለ አሸናፊ ቀረ። ስለዚህ መርከብ ምክንያት ነው። አውቶቡስ አይቆጠርም።

ሲመሽ ሁለቱ ካፒቴኖች ይጨባበጣሉ፤ መዝጋቢውም በደብተሩ ላይ ጨዋታው መቋረጡን ይጽፋል። የዕለቱ መዋጮ ግን አይቋረጥም፤ ገንዘብ ያዡ ሲመጣ ዝናቡን ሳያነሱ ይክፈሉ። «ለሚቀጥለው ቅዳሜስ?» ካለዎት ሠርግ አለብኝ ይበሉ። የእኛ ሠርግ ስንት ቀን እንደሚፈጅ አያውቁም፤ መልስ፣ ቅልቅል እያሉ እስከ መስከረም ማድረስ ይቻላል።